ሰኔ ሠላሳ በሁለት ቋንቋ

ወላይታ ሶዶ
ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ሚዜዬ፤

ሳሮ! እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ እንዴት ይዞሃል? የተበላ ከተማ ሙቀት ከሶዶ ብርድ ይሻለዋል ብለኸኝ ነበር፤ እውነት ይሁንልህ። ባለቤትህ ዘነቡ ደህና ናት? የትምህርት ቤት ልጆችህስ? ኳሳችሁ አሁንም የሰው በቆሎ ማሳ ውስጥ እየገባ ያጣላችኋል? ስለ ልጅህ ስለ ቤዚ አልጠይቅህም፤ ይህን ሁሉ የምጽፈው በእሷ ምክንያት ነውና እደርስባታለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ስኳሬም ልኩን ይዟል። አፌ ብቻ ይመረኛል። ሰሞኑን የቀመስኩት ሁሉ ያቅለሸልሸኛል፤ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ዓይነት ግን አይደለም።

ሶዶ ያለ ሰው ተበላ ላለ ጓደኛው ደብዳቤ ይጽፋል እንዴ ብለህ እንደምትስቅ አውቃለሁ። ማክሰኞ መናኸሪያ ሄጄ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ነበር። ሰው ሞልቶ ሊነሳ ሲል የረሳሁት ነገር አለ ብዬ ወረድኩ። የረሳሁት ነገር አልነበረም። ትላንት ደግሞ ደወልኩልህ፤ ገና ስታነሳው "ሙሽራዬ!" ብለህ ጮህክ፤ ስለ ልጅህ እየነገርከኝ ሳቅክ፤ እኔም አብሬህ ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ራሴን ተጸየፍኩ። ስለዚህ በወረቀት ይሁን አልኩ። ደግሞም የምነግርህ ነገር ፊርማዬ ያረፈበት ሆኖ እጅህ መግባት አለበት።

እንደምታውቀው ክለባችን ዳሞታ ጮራ ዘንድሮ ሃያ አምስት ዓመት ሞላው። ከተማው ውስጥ ባነር ያልተሰቀለበት የመብራት እንጨት ፈልገህ አታገኝም፤ በሁሉም ላይ የሊቀመንበራችን የአቶ ማሞ ፊት አለ፤ ዋንጫው ከጆሮው ስር ትንሽ ሆኖ ይታያል። ኬኩ ታዟል፤ ኮፍያው ታትሟል፤ ከአዲስ አበባ ዘፋኝ ይመጣል ተብሏል። ልጆቹ የሚለማመዱበት ሜዳ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ረግረግ እንደሆነ ነው። ይህን ባለፈው ስብሰባ ላይ ባነሳ፣ "አንተ ደግሞ ሁልጊዜ የሚያስጠላ ነገር ፈልገህ ታመጣለህ" ተባልኩ። እውነታቸውን ነው። ዘንድሮ የሚያስጠላ ነገር ለማግኘት ብዙ መፈለግ አላስፈለገኝም።

ልዩ መጽሔት ይውጣ ተባለና ጽሑፉ ለእኔ ተሰጠ። ሃያ ሁለት ዓመት የክለቡ ጸሐፊ የነበረ ሰው ካልጻፈው ማን ይጽፈዋል አሉ። ከሁሉ በፊት አቶ ማሞ በገዛ እጁ ርዕስ የጻፈበት ወረቀት ሰጠኝ፤ "በታሪካችን አስሩ ምርጥ የነፃ ዝውውር ፈራሚዎች" ይላል። ውላቸውን ጨርሰው፣ ለቀድሞ ክለባቸው የዝውውር፣ ለራሳቸውም የፊርማ ሳይከፈል ወደ እኛ የመጡ ማለቱ ነው። "ሌላው ክለብ በሚሊዮን ይገዛል፤ እኛ በነፃ እንሠራለን" ብሎ ስቴኪኒውን ከአንዱ ጥርሱ ወደ ሌላው አዞረው። ነፃ የምትለዋን ቃል ሲጠራት ከንፈሩን እንደሚልስ እስከዚያ ቀን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሥራው ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽህም። ከአሮጌው የብረት መደርደሪያ ፋይሎቹን አውርጄ አቧራቸውን እያራገፍኩ ተቀመጥኩ። ኤርካሎን ታስታውሰዋለህ፤ ከጉኑኖ የመጣውን በረኛ። ክለቡ ፈርሶበት ዝንጅብል በጫነ አይሱዙ ላይ ተቀምጦ መጥቶ፣ ደሞዝ ሳይጠይቅ የት እንደሚተኛ ብቻ ጠየቀን። ሰባት ዓመት ቆመልን። ማልያው መቼም የዝንጅብል ሽታ አልለቀቀውም ብዬ ጻፍኩ። ኢሊያስንም ጻፍኩት። አዲስ አበባ ተጫውቶ ሲመለስ፣ የአባቱን ሱቅ እየጠበቀ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ይመጣ ነበር፤ አባቱ ጋሽ ኸይሩ ልጄ በእግሩ አይነግድም ብለው ገንዘብ እንዳይቀበል ከለከሉት። እኚህ ሽማግሌ በልጃቸው ጨዋታ ቀን ሱቁን ዘግተው ከጎሉ ጀርባ ቆመው፣ የእኔ ልጅ የቱ ነው እያሉ ሰው ይጠይቁ እንደነበርም ጨመርኩበት። እነዚህ ሁለቱ በእውነት በነፃ መጡ። እጃቸውን ማንም አልጠመዘዘም።

ከዚያ ወደ ታች ወረድኩ። አምስተኛው ፋኑኤል ነው። ሦስተኛውና ሁለተኛው ከአንተ በኋላ የመጡ ልጆች ናቸው፤ አታውቃቸውም። አንደኛው አንተ ነህ። አራት ፋይል ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። አራቱም ውስጥ አንድ ዓይነት የቅጣት ደብዳቤ አለ፤ አራቱም ተቀጥተው፣ የሚወስዳቸው ክለብ ጠፍቶ፣ አንገታቸውን ደፍተው ወደ እኛ በነፃ ተመልሰዋል። አላውቅም ነበር ብልህ ደስ ይለኝ ነበር። አውቅ ነበር፤ አራቱንም ውል የተየብኩት እኔ ነኝ። ግን አንድ በአንድ፣ በዓመት በዓመት ስታየው እድለ ቢስነት ይመስላል። አንድ ላይ ተቀምጦ "ምርጥ" የሚል ርዕስ ሲጫንበት ግን ሌላ ነገር ነው። ተነስቼ መስኮት ከፈትኩ፤ ምሳዬንም ሳልበላ ዋልኩ።

አሁን የ2001ዱን ልንገርህ። ግማሹን ታውቀዋለህ፤ ሌላውን ግማሽ ግን አታውቀውም።

የመጀመሪያ ውልህን ባዘጋጀሁበት ዓመት አቶ ማሞ ዘመናዊ እንሁን ብሎ ውሉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይሁን አለ። ተርጓሚ የለ፤ እኔው ተረጎምኩት። በአማርኛው "እስከ ሰኔ 30 ቀን 2001 ዓ.ም." ብዬ ነበር። በእንግሊዝኛው ሰኔን ጁን አልኩት፤ ሠላሳውን ሠላሳ፤ ዓመቱን ብቻ ወደ ፈረንጅ ቀየርኩት። የእኛ ሰኔ ሠላሳ በእነሱ ጁላይ ሰባት ነው። ሰባት ቀን በላሁብህ። ይህ በእውነት ስህተት ነበር፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፤ ቢሮ ውስጥ በየቀኑ ሰው የሚሳሳተው ስህተት። ውሉ መጨረሻ ላይ ደግሞ በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢኖር የአማርኛው ይጸናል የሚል አንቀጽ አለ፤ እሱንም ከሌላ ውል ላይ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ለአንተ በእጅህ የደረሰህ የእንግሊዝኛው ነበር፤ የአማርኛው ፋይል ውስጥ ቀረ።

በዚያ ሰኔ ስንት ክለብ እንደፈለገህ ታስታውሳለህ። የውልህ ማብቂያ ነውና አቶ ማሞ እንዲያድስልህ የፊርማ ክፍያ ጠይቀህ ነበር፤ እሱ ደግሞ ይህን የገጠር ልጅ ማን አሳበጠው እያለ ይዞር ነበር። ሰኔ ሃያ አምስት፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ዝናብ እየዘነበ ቢሮዬ በር ላይ ቆምክ። ጫማህ ጭቃ ነው ብለህ አልገባም አልክ። ወረቀትህን ከማልያህ ስር አውጥተህ፣ "ሙሽራዬ፣ እንግሊዝኛ ከአንተ አላውቅም፤ ውሌ አልቋል አይደል? ነገ ልፈርም ነው፤ ሰዎቹ መኪና ይዘው መጥተዋል" አልከኝ። እኔም አልቋል አልኩህ። እንኳን ደስ አለህ ብዬም ጨበጥኩህ። በማግስቱ ፈረምክ። በአማርኛው ውልህ ገና አራት ቀን ይቀርህ ነበር።

ከዚያ የሆነውን ታውቃለህ። አቶ ማሞ ከሰሰ፤ ውል ሳይጨርስ ለሁለት ክለብ ፈረመ ተብሎ አንድ ዓመት ተቀጣህ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ስትቀርብ ውልህ እንዳለቀ ማን ነገረህ ብለው ጠየቁህ። እኔ ከጀርባህ ወንበር ላይ ፋይሉን ይዤ ተቀምጬ ነበር። ዞር ብለህ ሳታየኝ፣ ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ነኝ ያነበብኩት አልካቸው። ስንወጣ በረንዳው ላይ፣ ሰው ይሳሳታል፣ ሰርግህ ደርሷል፣ አንተ ከሥራ ብትባረር እኔ ምን እጠቀማለሁ አልከኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይኸው አሥራ ስድስት ዓመት አንዲት ቃል አንስተህብኝ አታውቅም። ተሳስቷል ብለህ ይቅር አልከኝ።

ሚዜዬ፣ ያን ቀን አልተሳሳትኩም።

ስህተቱን ያወቅሁት አንተ በሬ ላይ ከመቆምህ አንድ ቀን በፊት ነው። ሰኔ ሃያ አራት፣ ረቡዕ፣ ሁለቱን ቅጂ አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጥ አየሁት። ሮጬ አቶ ማሞ ዘንድ ሄድኩ፤ ተሳስቻለሁ፣ ልጁ ቸኩሎ እንዳይፈርም ልንገረው አልኩት። ወረቀቱን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ሳቀ። አርፈህ ተቀመጥ፣ ሳይጠይቅህ አትንገረው፣ ቢጠይቅህ አልቋል በለው አለኝ። አንድ ዓመት ተቀጥቶ ሲራብ በእግሩ ይመጣል፤ ያኔ በነፃ ነው የምናስፈርመው አለ። እኔም ይህማ ግፍ ነው አልኩ፤ በእውነት ብያለሁ። እሱም ቀስ ብሎ፣ ስህተቱን የጻፈው ማን ነው፣ ቢወራ የሚባረረው ማን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ቀጥሎ ደግሞ፣ የክለቡን አውቶቡስ ለሰርግህ ፈልገህ አልነበር እንዴ፣ ወስደኸዋል፣ ነዳጁም ከእኔ አለ።

አውቶቡስ። የሙሽራዋ አገር ቦዲቲ ነው፣ ዘመድ ብዙ ነው፣ ክረምት ነው እያልኩ ለሁለት ወር የለመንኩት አውቶቡስ። ራሴን ለማዳን ብቻ ቢሆን እንኳ ትንሽ በቀለለኝ። በሩ ላይ ቆመህ ስትጠይቀኝ ግን የሥራዬን ጉዳይ ብቻ አላሰብኩም፤ ሐምሌ አሥራ ሁለት የሚመጣው ሰው በምን ይጓጓዛል የሚለውም በጭንቅላቴ አልፏል። ይህን ስጽፍልህ እጄ ራሱ ያስጠላኛል።

ቅጣትህ አርብ ተነገረ፤ እሁድ ሰርጌ ነበር። አትመጣም ብዬ ነበር፤ እንዳትመጣም ተመኝቼ ነበር። በጠዋት ሱፍህን ለብሰህ መጣህ። ክራቫቴን አንተ አሰርክልኝ። በዚያ አውቶቡስ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ከአጠገቤ ተቀምጠህ እስከ ቦዲቲ ዘፈንክ፤ ድምፅህ እስኪዘጋ። የሙሽራዋ ወንድሞች በር ላይ ሲያስቸግሩ ተደራድረህ ያስገባኸን አንተ ነህ። ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ሚዜ ከየት አገኘህ ይለኝ ነበር። ፎቶው እስከ ትላንት ድረስ ሳሎናችን ተሰቅሎ ነበር፤ ሁለታችንም እንስቃለን።

ስለ አባትህ መጻፍ አልፈልግም፤ ግን ካልጻፍኩት ደብዳቤው ውሸት ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሽማግሌ ነበሩ። ገበያ ላይ "ሁለት ፊርማ" የሚል ስም ሲወጣልህ፣ ልጆች ከኋላህ እየጮሁ ሲከተሉህ፣ እሳቸው ልጄ አላታለለም ብለው ለአንድ ሰሞን ተከራከሩ። ከዚያ መከራከሩንም ሽምግልናውንም ተዉት። በዓመቱ አረፉ። ለቅሶው ላይ ድንኳን ውስጥ ከፊት የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ሬሳውንም ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ። ልጃቸው እንዳላታለለ የማውቅ ሰው ነበርኩ፤ በሕይወት እያሉ አንድ ቀን ቤታቸው ሄጄ በጆሯቸው ልነግራቸው እችል ነበር። አልሄድኩም። አቶ ማሞ ጥቁር መነጽር አድርጎ መጥቶ ሲያለቅስ አየሁትና ፊቴን አዞርኩ። አሁን ሳስበው ማንን ነው የተጸየፍኩት እላለሁ።

ከዚያ ልክ እንዳለው ተመለስክ። የፊርማ ክፍያ የለም፤ በወር ደሞዝ ብቻ። ፈርመህ ስትጨርስ ጎንበስ ብለህ የአቶ ማሞን እጅ በሁለት እጅህ ይዘህ አመሰገንከው። ስቴኪኒውን እያኘከ በጎ እንደሠራ ሰው ትከሻህን መታ መታ አደረገህ። አራት ዓመት በታመመ ጉልበት ተጫወትክ፤ ወደ ላይኛው ሊግ ያስገባንን ጎል አገባህ። አሁን ፎቶህ የመጽሔቱ ሽፋን ላይ ይወጣል። ከስሩ የሚጻፈውን አቶ ማሞ ራሱ ነው ያስጻፈኝ፤ እንዳለ ልገልብጥልህ፤ "ሁሉም ጀርባውን ባዞረበት ጊዜ ክለባችን እጁን ዘርግቶ የተቀበለው፤ በታሪካችን ቁጥር አንድ የነፃ ፈራሚ።" የምስክር ወረቀትና ቴሌቪዥን ይሰጥሃል። በበዓሉ ቀን መድረክ ላይ ስትወጣ እንዲያጨበጭቡ የትምህርት ቤት ልጆች ተመልምለዋል።

ይህን ሁሉ ዋጥ አድርጌ መጽሔቱን ልጨርስ እችል ነበር። ሰው ምን ያህል መዋጥ እንደሚችል ብታውቅ ትገረማለህ። ግን ትላንት በስልክ ስለ ቤዚ ነገርከኝ፤ ከዘጋሁም በኋላ የውሏን ፎቶ በቴሌግራም ላክህልኝ፤ ግማሹ ተዘቅዝቋል፤ ጥግ ላይ አውራ ጣትህ ይታያል። "የሴቶቹ ቡድን ሰኞ ያስፈርማታል፤ አንተ ካየኸው ይበቃኛል" ብለህ ጽፈህበታል።

አየሁት። የእኔ ውል ነው። ቃል በቃል፣ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር። ኮምፒውተሩ ተቀይሯል፤ ቅጹ አልተቀየረም። አማርኛው እስከ ሰኔ 30 ቀን 2020 ዓ.ም. ይላል፤ እንግሊዝኛው ጁን 30፣ 2028። የአማርኛው ይጸናል የሚለው አንቀጽም ቦታው ላይ አለ። ቢሮ ውስጥ ስም ሁሉ ወጥቶለታል፤ "ሰባቷ" ይሉታል። አቶ ማሞ ጥሩ ተጫዋች ሲያገኝ "ሰባቷን አስገቡለት" ይላል፤ ለማያስፈልገው ልጅ ትክክለኛውን ቀን ያስጽፋል። ቤዚ ጥሩ ተጫዋች መሆኗን በዚህ እወቅ። ፋኑኤልን የያዘው ይኸው ነው፤ ሌሎቹን ሁለቱንም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ያችን አንዲት መስመር ለማረም የሚያስፈልገኝ ሁለት ደቂቃ ነበር። አንድም ቀን አላረምኳትም።

ስለዚህ ስማኝ። ቤዚ ሰኞ እንዳትፈርም። የምትፈርም ከሆነም የማብቂያው ቀን በሁለቱም ቋንቋ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍላት፤ ሰኔ ሠላሳ ቀን 2020 ዓ.ም. ማለት ጁላይ ሰባት 2028 ነው ተብሎ። የአማርኛውን ቅጂ ማኅተም ተደርጎበት እጃችሁ ሳይገባ ከቢሮው አትውጡ። አቶ ማሞ ቅጹ እኮ የተለመደ ነው፣ አባቷም በዚሁ ነው የፈረመው ይልሃል። እንዲያ ሲል ልጅህን ይዘህ ተነስ። እኔን አትጠብቀኝ፤ እኔ እዚያ አልኖርም። እሷ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከዚህ ክለብ ሌላም ክለብ አለ። ሰሞኑን ስትጫወት አይቻታለሁ፤ ተከላካይ ስታልፍ ትከሻዋን እንደ አንተ ዝቅ ታደርጋለች።

ደብዳቤው ከሰኞ በፊት እንዲደርስህ በሚኒባስ ነው የምልከው፤ ሁለት ወረቀት አብሬ ልኬልሃለሁ። አንዱ የ2001ዱ የአማርኛ ውልህ ዋናው ቅጂ ነው፤ ከፋይሉ አውጥቼዋለሁ፤ መስረቅ ካሉትም ይበሉት። ሌላው ለፌዴሬሽኑ የጻፍኩት ነው። በእጄ ነው የጻፍኩት፤ ሰኔ ሃያ አራት ምን እንዳወቅሁ፣ ማን ምን እንዳለኝ፣ ሰኔ ሃያ አምስት ምን ብዬ እንደመለስኩልህ፣ የፋኑኤልንና የሌሎቹንም ጨምሬ። አንዱን ቅጂ ዛሬ ጠዋት ፖስታ ቤት አስገብቻለሁ። ይህኛው ያንተ ነው፤ ለፈለግከው አሳየው፤ ከፈለግህም ገበያ መሃል አስነብበው። ከሥራ እንደምወጣ አውቃለሁ። ያ የሚያሳዝን ነገር አይደለም፤ አታልቅስልኝ። አንተ ሰው ላይ ከመቆጣት ማልቀስ ይቀናሃል፤ እባክህ ለአንድ ጊዜ ተቆጣ።

ይቅር በለኝ አልልህም። አንድ ጊዜ በተሳሳተ ምክንያት ይቅር ብለኸኛል፤ ያን ይቅርታህን ውሰደው፤ የእኔ አልነበረም።

ሌላ የቀረኝ ነገር ባለቤቴ ዓመለወርቅ ናት። ትላንት ማታ የመጽሔቱን ጽሑፍ ሳነብላት ነበር፤ እንደ ልማዴ ቃሉን እንድታርምልኝ። እጁን ዘርግቶ የተቀበለው የሚለው ጋ ስደርስ አስቆመችኝ። ለመሆኑ ያኔ ውልህ አልቋል ብሎ የነገረው ማን ነበር አለችኝ። አሥራ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። ወረቀቱን ማጠፍ ጀመርኩ። እሷም ቀጥላ፣ አውቶቡሱንስ ማን ሰጠህ አለችኝ። ዛሬ ሲነጋ ቦዲቲ እናቷ ዘንድ ሄደች፤ ልብስ ያዘች፤ የሰርጋችንን ፎቶም ከግድግዳው አውርዳ ይዛ ሄደች። ከደጅ ተመልሳ የነገረችኝ አንዲት ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ለአንተ አልጽፈውም።

አምላክ ጤናህን ይስጥህ፤ ጉልበትህን ያጽናልህ። የአባትህን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልህ። ለዘነቡ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ከተቀበለችኝ። ቤዚን ፈጣሪ እግሯን ይጠብቅላት፤ የሚያያትን ዓይን ያብዛላት፤ የምትፈርመውን ወረቀት አንብባ የምትፈርም ያድርጋት። እኔን ደግሞ አሁን የጻፍኩትን ነገ ከመካድ ይጠብቀኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ ለእኔ ምንም አትመልስልኝ። ይህ ደብዳቤ እጅህ እንደገባ ቦዲቲ ለዓመለወርቅ ደውልላትና ደርሶኛል በላት፤ ከእኔ አፍ ብትሰማው አታምነኝም። ከዚያ ሌላ አትጨምር።

አንተ ሚዜ የሆንክለት
ጓደኛህ